ሠዓሊ ለማይሆኑ ተማሪዎች ሥዕልን ማስተማር፦ የብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ተሞክሮ

በአንድ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሥዕል ክፍል ከሚቀመጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሠዓሊ አይሆኑም። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ መምህር ወይም ነጋዴ የሚሆነው ይበዛል፤ ብሩሽ የሚጨብጡትም ለአንድ ወይም ለሁለት የትምህርት ወቅት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ኮሌጅ በአንድ ሙያ የሠለጠነ ባለሙያ ከማውጣት ይልቅ፣ ከልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፎች የቀመሰና አመዛዝኖ መፍረድ የሚችል ሰው ማውጣትን ዓላማው ያደርጋል። ታዲያ የሥዕል ትምህርት በዚህ መካከል ምን ይሠራል? መልሱ «ተሰጥኦ ያላቸውን ለይቶ ለማውጣት» ከሆነ ለቀሩት ተማሪዎች የሚተርፋቸው ነገር የለም። «መንፈስን ለማደስ» ከሆነም ሥዕል ከፍልስፍናና ከኬሚስትሪ ጎን ሊቆም የሚገባው የትምህርት ዓይነት መሆኑ ይቀርና የዕረፍት ሰዓት መዝናኛ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በአንድ ተቋም ታሪክ በኩል ነው። ተቋሙ በአሜሪካ ከ1933 እስከ 1957 የቆየው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ሲሆን፣ ትኩረቱም ዮዜፍ አልበርስ በዚያ ባስተማረባቸው 16 ዓመታት ላይ ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) የሚቀርበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ አልበርስ ሥዕልን ከሊበራል ትምህርት ጋር ያገናኘው ስለ ውበት በመስበክ አልነበረም፤ ተማሪው የሚያቀርበውን እያንዳንዱን ሥራ ሌሎች በዓይናቸው ሊፈትኑት በሚችሉት መልክ እንዲቀርብ በማድረግ ነበር። ይህ አካሄድ ግን የራሱ ዋጋ ነበረው።

ኮሌጁና መምህሩ

ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በአሽቪል ከተማ አቅራቢያ በኪራይ ሕንፃዎች ውስጥ ሥራ ጀመረ። መሥራቹ ጆን አንድሩ ራይስ የግሪክና የላቲን መምህር ነበር፤ ፍሎሪዳ ከሚገኘው ሮሊንስ ኮሌጅ ከአስተዳደሩ ጋር ባለመስማማቱ ከተሰናበተ በኋላ፣ አብረውት የለቀቁ ጥቂት መምህራንንና ተማሪዎችን ይዞ አዲሱን ኮሌጅ አቋቋመ። ተቋሙን የሚመሩት መምህራኑ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ከላያቸው የሚያዝዝ የባለአደራዎች ቦርድ አልነበረም። ፈላስፋው ጆን ዱዊ ሰው የሚማረው በመሥራት ነው ሲል ያስፋፋው አስተሳሰብ በኮሌጁ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ግልጽ ነው፤ ዱዊ ራሱም ኮሌጁን ይጎበኝ ነበር።

ራይስ ኪነ ጥበብን ከሥርዓተ ትምህርቱ ዳር አንሥቶ መካከል ላይ አስቀመጠው። ይህን ያደረገው ሠዓሊዎችን ለማብዛት አልነበረም። እንደ እርሱ አመለካከት በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው የሌሎችን ሐሳብ መደገም ይለምዳል፤ ከቀለም፣ ከድምፅ ወይም ከሸክላ ጋር የሚታገል ሰው ግን በየደቂቃው ራሱ መምረጥና የምርጫውን ውጤት ወዲያው ማየት ይገደዳል። ይህን የሚያስተምር መምህር ሲፈለግ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ፊሊፕ ጆንሰን የጠቆመው ዮዜፍ አልበርስን ነው።

አልበርስ በጀርመን በባውሃውስ የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት መጀመሪያ ተማሪ፣ ከ1923 ጀምሮም መምህር ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1933 በናዚዎች ጫና ሲዘጋ ሥራ አጣ፤ ባለቤቱ የሽመና ባለሙያዋ አኒ ደግሞ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች በመሆኗ የመሄዱ ጉዳይ የምርጫ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ሁለቱም ሰሜን ካሮላይና ደረሱ። አልበርስ እንግሊዝኛ የሚያውቀው እጅግ በጥቂቱ ነበር፤ ምን እንደሚያስተምር ሲጠየቅም ዓይን ማስከፈት እንደሚፈልግ በዚያችው ጥቂት ቋንቋ ተናገረ። ከባውሃውስ ዝናው በላይ ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ምናልባት ሌላ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ በወጣትነቱ በትውልድ ከተማው በቦትሮፕ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የሠለጠነው ሁሉንም ልጅ ለማስተማር እንጂ ምርጦችን ለመመልመል አልነበረም።

ብሩሽ የሌለበት የቀለም ትምህርት

የአልበርስ ትምህርት በቅደም ተከተል የተደራጀ ነበር፦ የንድፍ ትምህርት፣ የቁሳቁስና የቅርጽ መልመጃ፣ የቀለም ትምህርት፣ ከእነዚህ በኋላም የቀለም ቅብ። ትምህርቱን መውሰድ ግዴታ ባይሆንም የሌላ ዘርፍ ተማሪዎች በብዛት ይመጡ ነበር፤ መምህራንም ገብተው ይከታተሉ ነበር። በንድፍ ክፍል ተማሪዎች በማይለመዳቸው እጅ ይስላሉ፤ ፊደላትን በመስታወት እንደሚታዩት ገልብጠው ይጽፋሉ። የዚህ ዓላማ እጅ ከልማዱ ወጥቶ ዓይንን እንዲከተል ማድረግ ነው። ወንበር ሲሳል ከእግሮቹ ይልቅ በእግሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በትክክል እንዲነደፍ ይጠየቃል፤ ተማሪው ስለ ወንበር የሚያውቀውን ትቶ የሚያየውን የሚይዘው ያን ጊዜ ነውና።

በይበልጥ የሚያስገርመው የቀለም ትምህርቱ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው በአብዛኛው በብሩሽና በቱቦ ቀለም ሳይሆን በባለ ቀለም ወረቀት፣ በምላጭና በሙጫ ነበር። ወረቀቱም ውድ አልነበረም፤ የማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ፣ የዕቃ መጠቅለያ፣ ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ፣ የግድግዳ ቀለም ናሙና ሁሉ ያገለግላል። በመከር ወቅት ከኮሌጁ ዙሪያ ተራሮች የሚረግፉት ቅጠሎችም ከወረቀት ጋር እየተለጠፉ መልመጃ ይሆኑ ነበር። ኮሌጁ ድኻ ስለነበር ይህ ለኪስ ይስማማል፤ ምክንያቱ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ቀለም መበጥበጥ የማያውቅ ጀማሪ የፈለገውን ሳያገኝ ሰዓቱን ይጨርሳል፤ ተስፋም ይቆርጣል። ወረቀት ግን ሳይለወጥ ደጋግሞ ይገኛል። አንድ ቀለም በሁለት ቦታ ሁለት መስሎ ሲታይ፣ ሁለቱ ቁርጥራጮች ከአንድ ወረቀት መውጣታቸውን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል። በተቀባ ቀለም ይህ ማረጋገጫ የለም፤ ተመልካቹ «ሁለተኛውን በጥቂቱ አጥቁረኸዋል» ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

የመጀመሪያው መልመጃ ቀላል ነው። አንድ ግራጫ ወረቀት ለሁለት ይቆረጥና አንዱ ቁራጭ በነጭ፣ ሌላው በጥቁር መደብ ላይ ይቀመጣል። በነጩ ላይ ያለው ጠቆር፣ በጥቁሩ ላይ ያለው ነጣ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ልዩነቱ በብርሃን መጠን ብቻ ሳይሆን በቀለም ዓይነትም እንዲታይ ነው። ያው ግራጫ በደማቅ ቀይ ሲከበብ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ በአረንጓዴ ሲከበብ ደግሞ ወደ ቀይ። ተማሪው ይህ ለምን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት በደርዘን የሚቆጠሩ መደቦችን ሞክሮ መጣል አለበት። ከዚያ የሚመጣው መልመጃ አስቸጋሪው ነው፦ ሁለት የተለያዩ ቀለሞችን ወስዶ አንድ እንዲመስሉ ማድረግ። ይህን ለመሥራት እያንዳንዱ መደብ ከላዩ ካረፈው ቀለም ላይ የራሱን ባሕርይ እንደሚቀንስ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብርሃማ መደብ ብርሃንን፣ ሰማያዊ መደብ ሰማያዊነትን ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ በትክክል ለይቶ ያወቀ ተማሪ ብቻ ያን ልዩነት የሚያጠፉ መደቦችን ያገኛል። ሌላው መልመጃ ከሦስት ብርሃን የማያሳልፉ ወረቀቶች አንዱ በሌላው ላይ እንደ መስታወት የተደረበ የሚመስል ምስል መሥራት ሲሆን፣ ቁልፉ የሁለቱ ድብልቅ ቢሆን ኖሮ የሚወጣውን መካከለኛ ቀለም በዓይን መርጦ ማግኘት ነው።

ክስተቱ ራሱ አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዠን ሼቭረል በፓሪስ የጎብለን የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል አቤቱታ ቀርቦለት፣ ጉድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጎኑ ከተሸመኑት ቀለሞች የመጣ መሆኑን ደርሶበታል፤ ግኝቱንም በ1839 በመጽሐፍ አሳትሟል። አልበርስ የጨመረው ነገር ቅደም ተከተሉን መገልበጡ ነው። ሼቭረልን አስነብቦ ወደ ወረቀቱ አልሄደም፤ ወረቀቱን አስጨርሶ ንድፈ ሐሳቡን በመጨረሻ አመጣው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን አንድ ተራ የሚመስል ፈተና ነው። ተማሪዎች ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ይሰጧቸውና የትኛው እንደሚጠቁር ይጠየቃሉ። በቀለም ዓይነት የሚለያዩ ሁለት ወረቀቶች በብርሃን መጠን ሲቀራረቡ አብዛኞቹ ተማሪዎች በድፍረት መልሰው ይሳሳታሉ፤ አልበርስ ይህን ለዓመታት ካየ በኋላ በመጽሐፉ መዝግቦታል። ስሕተቱ በክፍሉ ፊት ሲገለጥ የሚፈርሰው ስለ ቀለም የነበረው ግምት ብቻ አይደለም፤ «እኔ አይቻለሁ» የሚለው እርግጠኝነትም አብሮ ይናጋል። «ቀይ» የሚለው ቃል ሲነገር ሃምሳ አድማጮች ሃምሳ የተለያዩ ቀዮችን በአእምሯቸው እንደሚያዩ የጻፈውም ከዚህ በመነሣት ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢም የበርበሬውን ቀይ፣ የጽጌረዳውን ቀይና ቀይ ዳማ የሚባለውን የሰው መልክ ጎን ለጎን ቢያስብ ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል።

ሂስና ምዘና

የክፍሉ ማዕከል ሂስ ነበር። ተማሪዎች የሠሩትን ወለል ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ደርድረው አብረው ያያሉ። እዚህ ላይ የወረቀቱ መልመጃ ከተለመደው የሥዕል ሂስ የሚለይበት ነጥብ አለ። በተለመደው ሂስ ተማሪው ስሜቱን ሥሏል፤ መምህሩም ስሜቱ «ተሰምቶኛል» ወይም «አልተሰማኝም» ከማለት በቀር ብዙ የሚለው የለም፤ ክርክር ቢነሣ የሚያሸንፈው ማዕረግ ያለው ነው። ሁለት ቀለሞች አንድ መስለው ይታያሉ የሚል ሥራ ሲቀርብ ግን ፈራጁ በክፍሉ ያለው ዓይን ሁሉ ነው። የኬሚስትሪው ተማሪ «አይመስሉም» ቢል የሠዓሊውን ተማሪ ሥራ ይጥለዋል፤ መምህሩም ሊያድነው አይችልም። ተማሪው መደቡን ቀይሮ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ሥዕል ከሊበራል ትምህርት ማኅበር ጋር የገባው በዚህ በር ነው ማለት ይቻላል፦ የሚፈተን አባባል ማቅረብ፣ መሳሳት፣ ማረም።

ይህ ከኮሌጁ የምዘና ሥርዓት ጋር ይስማማል። ተማሪዎች ውጤታቸው በቁጥርም በፊደልም አይነገራቸውም ነበር፤ መመረቅ የሚፈልግ ተማሪ ሲዘጋጅ ከሌላ ተቋም የተጋበዘ ፈታኝ መጥቶ ይመረምረዋል። ከተማሪዎቹ እስከዚህ ደረጃ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ኮሌጁም መደበኛ የዕውቅና ማረጋገጫ አልነበረውም። ለዛሬው የዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ይህን እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ ሊቀዳም አይገባም። የውጤት መመዘኛ በየክፍሉ በጽሑፍ በሚጠየቅበት ዘመን ግን፣ ከሥዕል ትምህርት ክፍሎች መካከል «ዓላማው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም» ለሚለው ጥያቄ ያለ ማስመሰል መልስ ሊሰጥ የሚችለው እንዲህ ያለው የመልመጃ ዓይነት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ያልታቀፈው

አልበርስ ራስን መግለጽ የጥበብ ትምህርት መነሻ ሊሆን አይችልም የሚል ጽኑ አቋም ነበረው። የራሱን ሥዕሎች ለተማሪዎቹ እንደ አርአያ አያቀርብም ነበር፤ እርሱን እንዲመስሉ አልፈለገምና። ይህ ሁሉ ለጀማሪው ጥቅም አለው። ነገር ግን ሥዕል ስለ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ፣ ማለትም ታሪክ፣ ሰው፣ ግፍ፣ እምነት በወረቀት ቁርጥራጭ አይመለስም።

ጉድለቱን የሞሉት በከፊል ከ1944 ጀምሮ በሐምሌና በነሐሴ የሚሰጡት የጥበብ ትምህርቶች ናቸው። በ1946 አልበርስ ሠዓሊውን ጄኮብ ሎውረንስን ጋበዘ። ሎውረንስ የጥቁር አሜሪካውያንን ከደቡብ ወደ ሰሜን ፍልሰት በ60 ሥዕሎች የተረከውን ሥራውን በ1941 ያጠናቀቀ ወጣት ሲሆን፣ የማስተማር ሥራ ለእርሱ ያ የመጀመሪያው ነበር። በደቡብ የዘር መለያየት ሕግ ስለነበረ፣ እርሱና ባለቤቱ ሠዓሊዋ ግዌንዶሊን ናይት በባቡር ወደ ጥቁሮች ፉርጎ እንዳይዛወሩ አልበርስ የተለየ ፉርጎ አዘጋጅቶላቸዋል፤ ባልና ሚስቱም ቆይታቸውን ከኮሌጁ ግቢ ሳይወጡ አሳለፉ። የማየት ነፃነት በሚሰበክበት ግቢ አጥር ማዶ ያለው ዓለም ይህ ነበር። ሎውረንስ ያስተማረው ቅንብርን ነው፤ ሥዕሎቹ በጠፍጣፋ ቀለም የተገነቡ በመሆናቸው ከአልበርስ ትምህርት ጋር አልተጋጩም። እንዲያውም 60ዎቹን ሥዕሎች የሠራው አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ቀብቶ ወደሚቀጥለው በማለፍ በመሆኑ፣ ቀለም በተለያየ ጎረቤት መካከል ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ በተግባር ያውቅ ነበር። ልዩነቱ ለእርሱ ቅንብር ታሪክ የሚነገርበት መንገድ መሆኑ ነው።

በ1948 የመጣው ቪለም ደ ኩኒንግ ሌላ መንገድ አሳየ። ከተማሪዎቹ አንዷ እንደምታስታውሰው፣ አንድ የቁሳቁስ ድርድር አስቀምጦ የትምህርቱን ጊዜ በሙሉ እርሱኑ እንዲስሉ አደረጋቸው። በአልበርስ ክፍል አንድ ጥያቄ ተመልሶ ወደሚቀጥለው ይታለፋል፤ በደ ኩኒንግ ክፍል ጥያቄው አያልቅም። አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማቅረብ የሚችለው እምብዛም ነው፤ ብላክ ማውንቴንም የቻለው እንግዳ መምህራን እየመጡ ስለሚሄዱ ነበር።

በተማሪዎቹ ላይ የታየውም አንድ ዓይነት አልነበረም። ሮበርት ራውሸንበርግ ሥርዓት የሚያስይዘው መምህር ፈልጎ በ1948 መጣ። መምህሩ አልወደደውም፤ እርሱም የተማረውን ሁሉ በተቃራኒው የሠራ ይመስላል። ሆኖም አንዱ ቀለም ከሌላው አይበልጥም የሚለውን ትምህርት እስከ ጥግ ወስዶ፣ ቀለምን ለራሱ ዓላማ አገልጋይ ማድረግ እንዳልፈለገ በኋላ ገልጿል። በ1951 በዚያው ኮሌጅ የሠራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆኑ ሸራዎች ከዚህ የወጡ ናቸው፤ አልበርስ ግን በዚያን ጊዜ ኮሌጁን ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

በኢትዮጵያ በኩል ሲታይ

ንጽጽሩ አጭር ቢሆንም አስፈላጊ ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲተላለፍ የኖረው ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እጅ እየቀዳ በሚሠለጥንበት መንገድ ነው። በ1957 በሠዓሊ አለ ፈለገሰላም የተመሠረተውና በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪዎቹን በፈተና መርጦ ለሙያው ያዘጋጃል። ሁለቱም ሠዓሊ ያወጣሉ። ብላክ ማውንቴን ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ በፈተናው ለሚወድቀው ወይም ጨርሶ ለማይፈተነው ተማሪ። የአዲስ አበባ ተወላጇ ጁሊ ምሕረቱ በሚቺጋን ግዛት የሊበራል አርትስ ተቋም ከሆነው ከካላማዙ ኮሌጅ በ1992 ከተመረቀች በኋላ፣ በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት የማስተርስ ዲግሪዋን መያዟ የዚህን ሥርዓት አካሄድ ያሳያል፦ ሙያዊው ሥልጠና ለድኅረ ምረቃ ይቆያል።

መጽሐፉና ከወረቀቱ የተረፈው

አልበርስ በ1949 ብላክ ማውንቴንን ለቅቆ በ1950 በየል ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ክፍል ኃላፊ ሆነ። መልመጃዎቹን የያዘው ስለ ቀለሞች መስተጋብር የጻፈው መጽሐፍ በ1963 ታተመ፤ በመጀመሪያ እትሙ ትልቅና ውድ ነበር፤ ርካሹ እትም በ1971 ወጣ። በ2013 በታብሌት ኮምፒዩተር የሚሠራ ቅጂም ተዘጋጅቶለታል። የስክሪኑ ቅጂ ምቹ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያሳጣል። በስክሪን ላይ ማንኛውም ቀለም በጣት እንቅስቃሴ ይገኛል፤ በወረቀት ክምር ውስጥ ግን የሚፈለገው ቀለም ላይኖር ስለሚችል ተማሪው ያለውን ቀለም ሌላ እንዲመስል የሚያደርግ መደብ ለመፈለግ ይገደዳል። የመልመጃው ቁም ነገር ያለው በዚህ እጥረት ውስጥ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳችው ሩት አሳዋ ሳትሆን አትቀርም። ከጃፓናውያን ወላጆች በካሊፎርኒያ የተወለደችው አሳዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር በማጎሪያ ካምፕ ቆይታለች። ከዚያ መምህርነት ልትማር ሚልዋኪ ብትሄድም በዘሯ ምክንያት የማስተማር ልምምድ የምታደርግበት ትምህርት ቤት በመከልከሏ ዲግሪዋን መጨረስ አልቻለችም፤ በ1946 ወደ ብላክ ማውንቴን መጥታ ሦስት ዓመት ከአልበርስ ተማረች። የኋላ ዝናዋ በሽቦ በተሠሩ ቅርጾቿ ቢሆንም፣ በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከሌሎች ወላጆች ጋር በአልቫራዶ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጥበብ ሥልጠና ጀምራለች። ልጆቹ የሚሠሩት በወተት ካርቶን እንዲሁም ከዱቄት፣ ከጨውና ከውኃ በተቦካ ሊጥ ነበር። ሥልጠናው ወደ ሌሎች የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ፤ እርሷ የታገለችለት የጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በ1982 ተከፍቶ፣ በ2010 በስሟ ተሰይሟል።